እጄን ማን አዘዘው?

ይትባረክ የጭቃ በሬ ሠራ። ቀንዱ የቆመ፣ ሻኛው ያበጠ፣ ጉደኛ በሬ!

ነገ ትምህርት ቤት ይዞት ሊሄድ ነው። በሬው ግን ገና እርጥብ ነበር።

ታናሽ እህቱ ትርሲት ልታግዘው ፈለገች። «ምድጃው አጠገብ ባስቀምጠው ቶሎ ይደርቅለታል» ብላ አሰበች።

በሬውን ይዛ ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ ብላ ሄደች።

ስታጎነብስ ጣቷ ምድጃው ላይ የጋለውን ድስት ነካ። እጇ ሽው! በሬው ዘጭ! ቀንዱ ወዲያ፣ እግሩ ወዲህ።

ይትባረክ እየሮጠ መጣ። ትርሲት እጇ ራሱ እንደ ሸሸ ነገረችው፤ እሱ ግን አላመናትም።

«እጅ ሳይታዘዝ አይሸሽም። ሆን ብለሽ ነው የጣልሽው» አላት። ከዚያ ወዲያ አኮረፋት፤ ዞር ብሎም አላያት።

ትርሲት ደጃፍ ላይ ተቀመጠች። «እጄ፣ ተነሣ!» አለች። እጇ ተነሣ። «እጄ፣ ውረድ!» አለች። እጇ ወረደ።

ታዲያ ቅድም ማን አዘዘው? ዋሽቼ ይሆን እንዴ? ብላ ሆዷ ባባ።

እናታቸው ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት። ወደ ቤት ስትመጣ ትርሲት ሁሉንም ነገረቻት።

እናትየው ጣቷን አገላብጣ አየች። ደግነቱ አልተላጠም።

ከዚያ ይትባረክን አልጋ ጫፍ ላይ አስቀመጠችው። እግሩን እንዳያንቀሳቅስ ነገረችው።

ከጉልበቱ በታች በመዳፏ ጎን መታ አደረገችው። ጠብ! እግሩ ፈንጠር አለ።

«እኔ አላዘዝኩትም እኮ!» አለ ይትባረክ።

«ታዲያ ማን አዘዘው?» አለች ትርሲት።

እናታቸው አስረዳቻቸው። በሰውነታችን ውስጥ ነርቭ የሚባሉ ቀጫጭን መልእክተኞች አሉ። «ተነሣ» ስንል ትእዛዙ ከአንጎል ተነሥቶ፣ በጀርባችን በኩል ወርዶ ጡንቻችን ጋ ይደርሳል።

ሲያቃጥለን ግን ጊዜ የለም። ያኔ የጀርባችን ነርቭ አንጎልን ሳይጠብቅ እጃችንን «ሽሽ!» ይለዋል። አንጎል ወሬውን የሚሰማው በኋላ ነው። የይትባረክንም እግር ያዘዘው ይኸው የጀርባ ነርቭ ነው።

ይትባረክ አንገቱን ደፋ። አፍሮ ሊወጣ ሲጣደፍ የበሩ ደፍ አደናቀፈው።

«እኔን!» አለች ትርሲት።

ተቀይማው ነበር እኮ። አፏ ግን አልጠበቃትም።

ይትባረክ እግሩን እያሻሸ አያት። «እሱንስ ማን አዘዘው?» አላት።

ትርሲት አሰበች፣ አሰበች።

ይትባረክ ጭቃውን ሰብስቦ አጠገቧ ቁጭ አለ። «አንቺ ቀንዱን ሥሪው፤ ነገ እርጥብ ቢሆንም ይዤው እሄዳለሁ» አላት።

«እጄ፣ ቀስ በል» አለች ትርሲት።

እጇም ቀስ አለ።