ሲጸድቅ ጥሪኝ

ውሸት ነው የሚል ካለ መጥቶ ጣሳዬን ይይ። እኔ የተማርኩት እስከ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ ተረት መፍጠር አልችልበትም። የሆነውን ብቻ ነው የምጽፍላችሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከታላቅ እህቴ ነው።

እናታችን የሞተች ጊዜ ለቀስተኛው "እሷስ ጸድቃለች" እያለ ሲያጽናናን፣ እህቴ የእናታችንን ጽጌረዳ ከነሸክላው ተሸክማ ሄደች። ሌላውን ሁሉ ትውሰደው። አንድ ዘንግ ብቻ ቁረጪልኝ ብዬ ለመንኳት።

"አንቺ እጅ ላይ ደግሞ ምን ጸድቆ ያውቃል?" አለችኝ።

ትዳሬ የፈረሰ ሰሞን ነበር። ልጅም አልወለድኩ። ስለ አበባ ብቻ እንዳላወራች ገባኝ... እሷም እንደገባኝ ገባት።

ከዚያ ወዲህ ደጇን አልረገጥኩም። ዓመቱን አልቆጥረውም፤ ፀጉሬ ግን ሸብቷል።

አሁን አንድ ክፍል ተከራይቼ ብቻዬን እኖራለሁ። የሰው ልብስ አጥባለሁ። እሁድ እሁድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ልብስ ሰፊው በረንዳ ላይ እንሰበሰባለን፤ ተክል የምንወድ የሰፈር ሰዎች። ሁሉም ከቤቱ ቁራጭ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ያመጣል፤ እንለዋወጣለን። የሰጠ ሰው "ሲጸድቅ ንገሪኝ" ይላል። ወጉ ነው።

እኔ የምነግረው ኖሮኝ አያውቅም። የወሰድኩት ሁሉ ይደርቃል።

"ደረቋ መጣች" ይላል ልብስ ሰፊው። ግትርም ስለሆንኩ ስሙ በሁለት በኩል ይሄድልኛል። "አንቺ ቤት የሚሄድ ተክል ቀድሞ ይናዘዝ።"

ይስቃሉ። እኔም እስቃለሁ። ከሳምንት ሳምንት ሰው የሚያናግረኝ እዚያ ብቻ ነው።

አንድ እሁድ አግዳሚው ጫፍ ላይ አንዲት ሴት ተቀምጣለች። ሻሿን እስከ ቅንድቧ ስባዋለች። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች... እሷ ሹራብ ለብሳለች። እጆቿ ከእጅጌው ውስጥ አልወጡም።

በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ጭኔ ላይ አኖረች።

"ውሃ እንዳትነፍጊው" አለች በሹክሹክታ።

"ከየት ነው?"

"ከቤት።"

"ከማን ቤት?"

ሻሿን ወደ ታች ሳብ አደረገችው።

"ሲጸድቅ ጥሪኝ።"

ንገሪኝ አላለችም። ጥሪኝ።

ጨርቁን ገለጥኩት። የጽጌረዳ ዘንግ ነው። የሰው ሁሉ ጽጌረዳ እሾሁ ወደ ታች ነው የሚታጠፈው። የዚህ ወደ ላይ ነው።

ወደ ላይ የሚታጠፍ እሾህ ያየሁት እናቴ ደጅ ብቻ ነው።

ቀና ስል ቦታው ባዶ ነው።

"እህትሽ ምነው ቶሎ ሄደች?" አለ ልብስ ሰፊው ክሩን በጥርሱ እየበጠሰ። "ቁርጥ አንቺን።"

እህቴ እኔን አትመስልም። እሷ አባታችንን ነው የወጣችው።

እኔ ነኝ ቁርጥ እናቴን።

ዘንጉን ጣሳ ላይ ተክዬ መስኮቱ ሥር አኖርኩት። ጠዋት ስነሳ አቆጥቁጧል። ዘንግ በአንድ ሌሊት አያቆጠቁጥም...

ቅጠሉ ደግሞ ወደ ብርሃኑ አልዞረም። ወደ አልጋዬ ነው የዞረው። ጣሳውን አዞርኩትና ሥራ ሄድኩ። ስመለስ... ወደ አልጋዬ።

አላጠጣሁትም፤ አፈሩ ግን እርጥብ ነው። ቁልፉ አንድ ነው፣ አንገቴ ላይ ነው የሚውለው።

መጀመሪያ አልፈራሁም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። በሩን ስከፍት "እንዴት ዋልሽ" ማለት ጀመርኩ።

አንድ ቀን ጎንበስ ብዬ አፈሩን አየሁት። ዘንጉ ዙሪያ ሰው በእጁ ጠቅጥቆታል። የአውራ ጣት ጉድጓድ... ክፍተት... ከዚያ ሦስት ጣት።

የእናቴን ሌባ ጣት፣ እኔ ሳልወለድ፣ የወፍጮ ቀበቶ ወስዶባታል።

ያኔ ፈራሁ። ግን የእህቴ ቃል ከፍርሃቴ በለጠብኝ። አንድ ዘንግ ቆረጥኩ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለልኩ፣ ሄድኩ። ፊቷ ላይ ልወረውርላት።

እኩለ ቀን ነበር። በሩን ከፈተችልኝ። ከስታለች። ከኋላዋ ጠረጴዛው ላይ አንድ ሳህን፣ አንድ ብርጭቆ።

"እትዬ፣ ይኸው ጸደቀ" አልኳት።

ጨርቁን አላየችውም። እኔን ነው ያየችኝ።

"ባለፈው ምነው ስጠራሽ ዝም ብለሽኝ ሄድሽ?"

"መቼ?"

"ጓሮ ገብተሽ ቆርጠሽ... ኩርፊያዋ አልለቀቃትም ብዬ ተውኩሽ።"

"እኔ አልመጣሁም።"

"ቁርጥ አንቺ እኮ ነሽ። በዚያ ፀሐይ ሹራብ ለብሰ..."

አልጨረሰችውም።

ጓሮ ወሰደችኝ። ሸክላው አለ። ጽጌረዳዋ የለችም፤ ግራጫ ጉቶ ብቻ።

"እማዬ በሞተች በዓመቷ ደረቀች" አለች። "እኔም እጅ ላይ አልጸደቀም። አፍሬ ነው ያልላክሁብሽ።"

ጉቶው እንደ አጥንት ደርቋል። ጫፉ ላይ ግን አዲስ ቁርጥ አለ። ሰያፍ። ውስጡ አረንጓዴ... እርጥብ።

ልወረውርባት ያመጣሁትን ዘንግ ከጉቶው አጠገብ ተከልኩላት። እሷ ከወዲያ፣ እኔ ከወዲህ ተንበርክከን አፈሩን ጠቀጠቅነው። ይቅር በይኝም፣ ይቅር ብዬሻለሁም አልተባባልንም። የዓመታት ቂሜን እንዲህ አድርጌ ነው የቀበርኩት።

ቧንቧው ጋ እጃችንን ስንታጠብ ሴትዮዋ ያለችኝን ነገርኳት።

"ጠራሻት እንዴ?" አለች በሹክሹክታ።

"አልጠራሁም።"

"በሩ ላይ ቆመሽ ምን ነበር ያልሽኝ?"

"ይኸው ጸደቀ" ነበር ያልኳት።

ወደ ሸክላው ተመለስን። አፈሩ ላይ በወዲህ በኩል የእኔ ጣቶች አሉ። በወዲያ በኩል የእህቴ።

በመካከላችን ደግሞ አንድ አውራ ጣት... ክፍተት... ሦስት ጣት። ጉድጓዶቹ ውሃ ሞልተዋል። ገና አልሰረገም።