ለሙከራ የተጻፈ ሰርግ

ስሜ ሚስኪ ነው። ፈላና በር አጠገብ የስልክ ዕቃ እሸጣለሁ። ጎረቤት ሁሉ «ይህች ልጅ ምን ነካት፣ ደነዘዘች እኮ» ይላል። ልክ ነው። ከዚያ ሐሙስ ወዲህ ደስታውም ሐዘኑም አንድ ሆኖብኛል።

ብሩክ ቻርጀር ሊገዛ ነበር የመጣው። ከደብረ ብርሃን ተመድቦ የመጣ የኮምፒውተር መምህር ነው። ላፕቶፔ ላይ ለእናቴ አፎቻ የምሠራውን መተግበሪያ አየ። አፎቻ የሰርግና የለቅሶ መረዳጃችን ነው። ሴቶቹ ጥሪ በሰው አፍ ነበር የሚላላኩት፤ እኔ በስልክ ላደርግላቸው አሰብኩ።

«የት ላይ ሞከርሽው?» አለኝ።

«እኔ ስልክ ላይ።»

«እናትሽ ስልክ ላይስ?»

የእናቴ ስልክ መስታወቱ የተሰነጠቀ፣ ሜሞሪው ጢም ያለ አሮጌ ነው። ሞከርኩት፤ ገና ሲከፈት ቀጥ አለ። ተናደድኩ። እሱ ሳቀብኝ፤ ከዚያ ሳቁን ተወና አየኝ። እኔም አየሁት። በቃ፣ ወደድኩት።

ከሰዓት ከሰዓት እየመጣ አብሮኝ ይቀመጥ ጀመር።

«ፎቶዎቹን አሳንሻቸው፤ የእናቶች ስልክ አይችላቸውም። የይለፍ ቃል ኮድ ውስጥ አትጻፊ። ኔትወርክ ከሌለ መልእክቱ ስልኩ ላይ ይቆይ፣ ሲመጣ በራሱ ይሂድ።»

አንዷን ምክር ግን መደጋገም አይሰለቸውም ነበር። «በእውነተኛ ሰው ስምና ስልክ እንዳትሞክሪ!»

እንዲህም ተብሎ ፍቅር አለ ወይ? አለ። «በላሽ ወይ?» ከማለቱ በፊት «ሠራ ወይ?» ይለኝ ነበር፣ እኔም ደስ ይለኝ ነበር። እሱ ክርስቲያን፣ እኔ ሙስሊም። እናቴን እንዴት እንደምንነግራት ሳነሳበት «ትንሽ እንጠብቅ» ይለኛል።

አንድ ረቡዕ ኔትወርክ ጠፋ። ሱቅ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። የሰርግ ጥሪውን ገጽ ልሞክር ብዬ «ሚስኪ እና ብሩክ» ብዬ ጻፍኩ። ስማችን ጎን ለጎን ሲያምር! «ላክ» የሚለውን ነካሁት። ኔትወርክ የለ፣ የት ይሄዳል ብዬ ነው። መተግበሪያው ውስጥ ግን የአፎቻው ሴቶች ስልክ ቁጥር አንድ ሳይቀር፣ የብሩክም ጭምር ገብቶ ነበር። መልእክቱም እሱ እንዳስተማረኝ ስልኬ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ሐሙስ ጠዋት ኔትወርኩ መጣ።

አፎቻ ሲጠራ አይጠይቅም፣ ይመጣል። እናቴ አስጠርታኝ ቤት ስደርስ ግቢው በሴቶች ሞልቷል፤ ግማሾቹ ድስት ይዘዋል። ሰብሳቢያቸው ወይዘሮ ዐፋፍ «ማሻ አላህ! እኛ ሳንሰማ?» ይላሉ። እናቴ መደቡ ላይ ተቀምጣለች።

«ብሩክ ማነው?» አለችኝ።

አፌን ስከፍት ከበሩ ድምፅ መጣ። ጥሪው ለእሱም ደርሶት፣ ደንግጦ እየሮጠ ነው የመጣው።

«እኔ ነኝ፣ እማማ። ኮድ የማስተምራት መምህር ነኝ። ስሙን ለሙከራ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። «አስተግፊሩላህ! አስደነገጥከን እኮ ልጄ» አሉ ወይዘሮ ዐፋፍ።

እናቴ አልሳቀችም። ወደ እኔ ዞረች።

«እውነቱን ነው?»

አይደለም ብል እናቴን ማጣቴ ነው፤ አባቴ ከሞተ ወዲህ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። አዎ ብል እሱን ማጣቴ ነው። አንዴ ቀና ብሎ ቢያየኝ ኖሮ፣ ወላሂ፣ አይደለም እል ነበር። እሱ ግን መሬት መሬት ያያል። ውስጤ ቀዘቀዘ።

«እውነቱን ነው» አልኩ።

«እንግዲያው አርሚው። አሁኑኑ፣ ፊቴ።»

«ሰርግ የለም» ብዬ ጻፍኩ። እንባ እንኳ አልመጣም። ላክሁት። የሴቶቹ ስልክ በየቦርሳው ውስጥ ጮኸ። የብሩክም ጮኸ። ከኪሱ አውጥቶ ያችን አጭር ጽሑፍ ረጅም ጊዜ አነበባት።

«ደርሷል» አለኝ። «ይሠራል።»