በሀቡቡ ውስጥ የሰደቡኝ ሽማግሌ

ጂን የለም አልልም፣ አስተግፊሩላህ፣ ሙስሊም ነኝ፣ ግን ጂን ስራ ፈትቶ እዚህ ካርቱም፣ ካላክላ ድረስ መጥቶ ከላም አላቢ ጋር ይጨቃጨቃል ብሎ የሚያወራ ሰው ቢያጋጥመኝ ስቄበት ነበር የማልፈው። ወሎ እያለሁም ልጆቹ ከገደሉ በኩል ድምፅ ሰማን ሲሉ «ጅብ ነው፣ ተኙ» የምለው እኔ ነበርኩ፣ ስለዚህ አሁን የምነግራችሁን ዘይነብ ፈሪ ስለሆነች ነው እንዳትሉ።

ሐጃ ኑራ የምትባል ሱዳናዊት ካላክላ ጫፍ ላይ ላሞች አሏት፣ እኔን ያመጣችኝ ከእህቷ ቤት ነው። እህቷ እዚሁ ካርቱም ሪያድ የሚባለው የሀብታም ሰፈር ነው ያለችው፣ ትልቅ ቪላ፣ እኔ እዚያ ቪላ ከገባሁ በኋላ ውጭውን የማየው ቆሻሻ ሳወጣ ብቻ ነበር። ላሞቹ ጋ ስመጣ ከእስር የተፈታሁ ነው የመሰለኝ፣ ስራውንም እችለዋለሁ፣ ጡት አጥቦ ማድረቅ፣ መጀመሪያ የሚወጣውን ወተት ጥቁር ሳህን ላይ አልቦ መጓጎሉን ማየት፣ ጡቷ የታመመችውን መጨረሻ ማለብ። ሐጃ ግን አስጠንቅቃኛለች፣ በይዳ አንድ ነገር ከሆነች ወደ እህቴ ቤት ትመለሻለሽ ብላኛለች። በይዳ ነጯ ላም ናት፣ የሚሸጠው ወተት ግማሹ ከሷ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ውሃ ላጠጣ ብወጣ በይዳ ገመዷን በጥሳ በርሲሙ ውስጥ ገብታለች። በርሲም ለምለም መኖ ነው፣ ጠውለግ ሳይል በባዶ ሆድ ከተበላ ላም ይነፋል። ጎትቼ ሳወጣት ግራ ጎኗ ከበሮ ሆኗል፣ ምላሷ ወጥቷል፣ ታቃስታለች። የከብት ሐኪሙ ኦምዱርማን ነው፣ ስልክ አያነሳም። ዘበኛችንን ኢድሪስን ልጠራ ዞር ስል ሰማዩ ቀላ፣ ሀቡቡ መጣ። የሱዳንን የአቧራ ማዕበል ላላየ ሰው በጠራራ ቀን ይጨልማል ብለው አያምነኝም፣ እመኑኝ፣ የገዛ እጄ አይታየኝም ነበር።

ሆዷን እንዲያስተነፍስላት የምግብ ዘይት በጠርሙስ ይዤ፣ እያለቀስኩ፣ የበይዳን አንገት ወደ ላይ ቀና አድርጌ ላፈስላት ስል፣ ከላሟ ማዶ አንድ ሽማግሌ ጥርት ባለ የወሎ አማርኛ፣

«አንቺ፣ ሳንባዋ ውስጥ ልትጨምሪው ነው? ጭንቅላቷን ዝቅ አድርጊው» አሉኝ።

ከአጥራችን ውጭ ጡብ ከሚሠሩት የሀገሬ ሰዎች አንዱ ሀቡቡን ሸሽተው የገቡ መሰለኝ። እኔ ደግሞ ቁጡ ነኝ፣ አባቴ፣ ካወቁ መጥተው ይያዙልኝ እንጂ ከዚያ ሆነው አይዘዙኝ አልኳቸው። መጡ፣ የሚታየኝ ነጭ እጅጌና እጅ ብቻ ነው። የፊት እግሮቿን ከፍ ያለው አፈር ላይ አቁሚ አሉኝ፣ አቆምኩ። ዘይቱን በጉንጯ በኩል ቀስ እያልሽ፣ ካሳላት አቁሚ አሉኝ፣ እሺ አልኩ። ግራ ጎኗን ሳሽ፣ ቀስ ስል ሰነፍ ይሉኛል፣ ጠንከር ስል ጨካኝ ይሉኛል፣ እናቴ እንኳን እንደዚያ ሰድባኝ አታውቅም፣ እኔም የታዘዝኩትን እየሠራሁ እመልስላቸዋለሁ። በመጨረሻ በይዳ አገሳች፣ ፊቴ ላይ፣ ሽታውን ብነግራችሁ ምሳችሁ አይረጋም፣ እኔ ግን አልሐምዱሊላህ ብዬ ግንባሯን ሳምኩት።

አቧራው ሲገፈፍ ማንም የለም። የግቢው በር ከውስጥ እንደተቀረቀረ ነው። የበይዳ አፍ ውስጥ ግን እርጥብ እንጨት እንደ ልጓም ተጋድሞ ታስሯል፣ እያኘከችው ምራቋ እንዲወርድ። እኔ አላሰርኩትም። ፈትቼ አሸተትኩት፣ ወይራ ነው፣ ካርቱም ውስጥ የወይራ ዛፍ ያየ ሰው ካለ ይንገረኝ። አጥሩ ላይ አስቀምጬ ፊቴን ታጥቤ ስመለስ፣ ኢድሪስ እንጨቱን በውሃ አለቅልቆ ጥርሱን እየፋቀበት ነው። ያለኝ ማስረጃ እሱ ብቻ ነበር እኮ፣ አንጀቴ አረረ። ሀቡቡ እስኪያልፍ ክፍሉ ውስጥ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ተኝቶ እንደነበር ነገረኝና በአረብኛ፣

«ያ ዘይነብ፣ ሲጮህብሽ የነበረው ሐበሻ ማነው?» አለኝ።

ብቻዬን ሰምቼው ቢሆን ድንጋጤ ነው ብዬ እጽናና ነበር።

ማታ ሐጃ ስትመጣ አንድም ሳልደብቅ ነገርኳት፣ ትደነግጣለች ብዬ ነው። ሐጃ ግን የነጋዴ ልብ ነው ያላት፣ የበይዳን ጎን ደጋግማ ዳሰሰችና፣

«ይሄ ሰውዬ ካንቺ ይሻላል። ፈልገሽ አምጪልኝ፣ የላሞቹን ስራ ለሱ እሰጣለሁ፣ አንቺ ሪያድ ትመለሻለሽ። እስኪመጣ ግን ቆዪ» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ እየፈለግኩ ነው፣ ማለቴ ሐጃ ስታየኝ። ጡብ ሠሪዎቹን ጠየቅኳቸው፣ ሁሉም ጎረምሶች ናቸው፣ መሃላቸው አንድም ሽማግሌ የለም። ሽማግሌውን ካገኘኋቸው ቪላው ውስጥ ገባሁ ማለት ነው፣ ካላገኘኋቸው ደግሞ ያን ሁሉ ስድብ የተለዋወጥኩት ከማን ጋር እንደሆነ ሳስብ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል።

በቀደም ጠዋት በይዳን እያለብኩ ከማዶ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

«እጅሽን ታጥበሻል?» አሉኝ።

ቀና ብዬ አላየሁም፣ ካላየሁ አላገኘሁም። ታጥቤያለሁ አባቴ ብዬ ማለቤን ቀጠልኩ፣ የወተቱ ግማሽ ግን ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ።