አንድ ትንፋሽ አበድሪኝ

ይህ የሆነው በእኔ ላይ ነው። ከሰው አልሰማሁትም፤ በሕልሜም አላየሁትም።

ሰዓቱን አውቀዋለሁ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ። ማክሰኞ፣ ኅዳር ወር፣ ከሁለት ዓመት በፊት። ቦታው ቼስተር ከተማ፣ የምሠራበት የጨረታ ቤት አንደኛ ፎቅ ላይ ያለው የብር ዕቃ ክፍል።

ጨለማ አልነበረም። ውጭ ይዘንባል፣ መብራቱ በርቷል፣ ከታች ሠራተኞች ወንበር ሲጎትቱ ይሰማል።

እንዲህ ባለ ሰዓት ሰው አይፈራም...

እኔም አልፈራሁም። በውስጤ የነበረው ሌላ ነገር ነው።

ቅናት።

ስሜ ሜብል ነው። ሥራዬ አሮጌ የብር ዕቃ ገልብጦ ማኅተሙን ማንበብ ነው። የሚራመደው አንበሳ ብሩ ንጹሕ መሆኑን ይናገራል። የነብሩ ራስ ለንደን መመርመሩን። አንዲት ፊደል ዓመቱን። ሁለት ፊደላት ደግሞ የሠሪውን ስም። ከሩዝ ፍሬ የማይበልጡ አራት ምልክቶች ናቸው። ያኔ ዐሥራ ስምንት ዓመት እነሱ ላይ አጎንብሼ ነበር።

መጀመሪያ አጉሊ መነጽር። ከዚያ የፊደላቱ ሰንጠረዥ። ከዚያ ሚዛን። በመጨረሻ ትንፋሽ። ይህን ቅደም ተከተል አንድም ቀን አዛብቼ አላውቅም።

ኔስታ ግን...

ኔስታ ወደ ክፍላችን ከመጣች ገና ሁለት ዓመቷ ነበር። ሰንጠረዥ አትገልጥም። ማንኪያውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ታዞረዋለች፣ በአውራ ጣቷ ትዳብሰዋለች፣ ከዚያ በቃ።

"ይሄ የአንጥረኛው ሚስት ማኅተም ነው" ትላለች። "ባልየው ከሞተ በኋላ ሱቁን እሷ ናት የያዘችው።"

እኔ ሰንጠረዡን አወጣለሁ። ገጽ በገጽ እሄዳለሁ። ልክ ናት።

ሁልጊዜ ልክ ናት።

የክፍላችን ኃላፊ ሚስተር ራድሌት በዚያ ሳምንት ዓርብ ጡረታ ሊወጡ ነበር። ወንበራቸውን ለአንዳችን ይሰጣሉ። ከወንበሩ ጋር ከመምህራቸው የወረሱትን ባለ ቀንድ እጀታ አጉሊ መነጽር። ዐሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ያንን መነጽር አንድ ጊዜ እንኳ አስነክተውኝ አያውቁም ነበር።

ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ስሟን አርባ አንድ ጊዜ ጠርተው ነበር። የእኔን ዘጠኝ ጊዜ።

ቆጥሬያለሁ።

ኔስታ የሚጎድላት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ትንፋሽ። አስም አለባት። ደረጃውን ስትወጣ ሁለት ቦታ ትቆማለች፣ ደረቷም ያፏጫል።

ለእኛ ሥራ ደግሞ ትንፋሽ የግድ ነው። አጭበርባሪ ከተሰበረ አሮጌ ዕቃ ላይ ማኅተም ያለበትን ክፍል በክብ ይቆርጥና ከአዲስ ዕቃ ሥር ይበይደዋል። ዕቃው በአንድ ቀን መቶ ዓመት ያረጃል። አወልውለውት ከሆነ ብየዳው በዓይን አይታይም። ነገር ግን ብሩ ላይ ሞቅ ያለ ትንፋሽ ስትተነፍሱበት ጉም ይለብሳል፤ ብየዳው ባለበት ላይ ግን ጉሙ እኩል አያርፍም። ለአራት ሰከንድ ያህል መስመሩ ቁልጭ ብሎ ይወጣል፣ ከዚያ ይጠፋል።

የኔስታ ጉም ስስ ነው፤ ሳያርፍ ይጠፋል። ስለዚህ ወደ እኔ ትዞራለች።

"ሜብልዬ፣ አንድ ትንፋሽ አበድሪኝ።"

"ያለፈውን መቼ መለስሽና?"

"ሁሉንም ሰብስቤ አንድ ቀን እመልስልሻለሁ!"

ሚስተር ራድሌት ይስቃሉ። እኔም እስቃለሁ። በጥርሴ ብቻ።

ያን ማክሰኞ አንድ የሻይ ማንቆርቆሪያ መጣ። ብቻዋን ኖራ ብቻዋን ከሞተች አንዲት ሴት ቤት የተገኘ ነው። እንደ ብርቱካን ክብ፣ አፉ አጭር፣ ምንም ጌጥ የሌለው። ሚስተር ራድሌት ሻይ ሊጠጡ ወርደዋል። እኔና ኔስታ ብቻ ነን።

ኔስታ ገለበጠችው።

"ዐሥራ ሰባት መቶ ሠላሳ አምስት" አለች ወዲያው። አውራ ጣቷ ወደ ማኅተሙ ተመለሰ። "ግን... ታቹ አላማረኝም። አንድ ትንፋሽ አበድሪኝ እስቲ።"

አቀበለችኝና ጀርባዋን ሰጥታ የካታሎጉን ወረቀት አወጣች። እስክሪብቶዋን ከፈተች።

ተነፈስኩበት።

ጉሙ አረፈ...

በጉሙ መሃል ቀለበት ወጣ። ሙሉ፣ ክብ፣ እንደ ሳንቲም ጠርዝ። አራቱም ማኅተሞች ውስጡ ናቸው።

ብየዳ ነው። የዓመቱ ትልቁ ማጭበርበር በእጄ ላይ ነው።

"እህ? ምን አለ?" አለች ሳትዞር።

...

"ንጹሕ ነው።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"የእኔን ካላመንሽ በራስሽ ትንፋሽ ሞክሪው።"

እንዲህ ብያት አላውቅም ነበር።

"እሺ፣ እሜቴ" አለችና ሳቀች። ሳቋ አጭር ነበር። ጻፈች። ፈረመች።

ማንቆርቆሪያውን ላስቀምጥ ስል ዓይኔ ታቹ ላይ ወደቀ።

ጉሙ አልጠፋም።

ቆጠርኩ። አምስት... ስምንት... ዐሥራ አንድ። ቀለበቱ ተጨማሪ ዐሥራ አንድ ሰከንድ ሙሉ አፍጥጦ አየኝ።

ረቡዕ ዕቃዎቹን ለሕዝብ በምናሳይበት የመስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ አስገባነው። ማኅተሙ እንዲታይ በጎኑ አጋደምነው። ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ሲሆን ሳላስበው ቀና አልኩ።

የማንቆርቆሪያው ታች ጉም ለበሰ።

ማንም አልቀረበውም። ሣጥኑ ተቆልፏል። ጉሙ ከመሃሉ ጀምሮ ቀስ ብሎ ሰፋ... ቀለበቱም ወጣ።

ከፍቼ በጨርቅ ጠረግኩት። ጨርቁን አየሁት።

ደረቅ ነው።

ብሩ ግን ለብ ብሏል። ሰው በአፉ ይዞት እንደቆየ ነገር።

ሐሙስ ጠዋት አውቶቡስ ስጠብቅ ብርዱ ያንዘፈዝፍ ነበር። ከጎኔ የቆሙት ሁሉ ሲያወሩ ከአፋቸው ነጭ እንፋሎት ይወጣል። አንዲት ሕፃን እየተነፈሰች እንፋሎቱን በእጇ ልትይዝ ትዘላለች።

እኔ ተነፈስኩ።

ምንም አልወጣም።

ጓንቴን አወለቅኩና መዳፌ ላይ ደግሜ ተነፈስኩ። ቀዝቃዛ ነው...

ሥራ ቦታ ስደርስ ትንፋሽ አጥሮኝ ደረጃው መሃል ላይ ቆምኩ። በዐሥራ ስምንት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ።

ያኔ ወሰንኩ። ለኔስታ እነግራታለሁ። ሕዝብ የሚያየው ነገ ነው፣ ገና ማውጣት ይቻላል። "ተሳስቻለሁ፣ ደግሜ ስተነፍስበት ብየዳ አየሁ" ብል ማንም አይጎዳም። ቃሉን በልቤ አዘጋጅቼ በሩን ከፈትኩ።

ሚስተር ራድሌት ከኔስታ አጠገብ ቆመዋል። ባለ ቀንዱ መነጽር በእሷ እጅ ነው።

"ጣትሽን ዝቅ አድርጊው፣ ልጄ" ይሏታል። "እንደሱ። አየሽ? እንዴት ያለ እጅ ነው እግዜር የሰጠሽ!"

ኔስታ ቀና ብላ አየችኝ። "ሜብልዬ፣ ነይ አንቺም እዪበት!"

ልጄ አሏት።

"ሥራ አለብኝ" አልኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ላይ ጉሙ መጣ። ጀርባዬን ሰጥቼው ተቀመጥኩ።

ዓርብ ሕዝቡ ገባ። ከሊቨርፑል የመጣ ሚስተር ታውለር የሚባል ነጋዴ አለ፤ ግዙፍ፣ ድምፁ ከበሮ። ማንቆርቆሪያውን አስወጥቶ በሰፊ አፉ ተነፈሰበት።

"ኧረ ጉድ!" አዳራሹ ሁሉ ዞረ። "ራድሌት፣ ዓይንህን ሸጥከው እንዴ? ይሄን የተለጠፈ ነገር ማነው ያሳለፈው?"

የሚስተር ራድሌት ፊት ነጣ። ወረቀቱን አነሱ። ከሥሩ ያለውን ፊርማ አዩ።

"እኔ ነኝ" አለች ኔስታ። "ፊርማው የእኔ ነው።"

"ብየዳውን አላየሽም?"

"አላየሁም።"

"በትንፋሽ አልተፈተሸም?"

መናገር የነበረብኝ ያኔ ነበር። አንዲት ቃል ትበቃ ነበር።

ኔስታ ወደ እኔ አልዞረችም። መሬቱን እያየች ጠበቀች... ጠበቀች...

"ፈራሚዋ እኔ ነኝ" አለች በመጨረሻ።

ማታ ሚስተር ራድሌት መነጽሩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። ዓይኔን አላዩም። "አንቺ ቢያንስ ጠንቃቃ ነሽ" አሉ። ዐሥራ ስምንት ዓመት የጠበቅኩት ምስጋና ይኸው ነበር።

ኔስታ ዕቃዋን በካርቶን ከታ በሩ ላይ ቆመች።

"ሜብል።"

"አቤት።"

"ንጹሕ ነው ከማለትሽ በፊት ትንፋሽሽን ይዘሽ ነበር" አለች በሹክሹክታ። "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ከዚያ ንጹሕ ነው አልሽ። እኔ የራሴ ስለሚያጥረኝ የሰው ትንፋሽ አዳምጣለሁ።"

"ሰምተሽ ከሆነ ለምን ፈረምሽ?"

"አንቺ ስለሆንሽ ነዋ።"

ካርቶኑን አስተካክላ ያዘች። "ያበደርሽኝን አልረሳሁም" አለችና ወረደች።

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት አለፈው። ወንበሩ ላይ እኔ ነኝ። ብሩ ላይ ስተነፍስ ግን ጉም አያርፍም። አብረውኝ የሚሠሩት እንዳያዩብኝ በሬን ዘግቼ ሻይ አፈላለሁ፣ ዕቃውን በእንፋሎቱ ላይ እይዛለሁ። አንዳንዴ እንፋሎቱ ይበዛል፣ ምንም አይለይም፤ እንዲያው በግምት አሳልፋለሁ። ደረጃው ላይ ሁለት ቦታ እቆማለሁ።

ኔስታ በሌላ ከተማ ሱቅ ከፍታለች። ለገና ካርድ ልካልኝ ነበር። "ሐኪሜ ገርሞታል፤ ደረቴ እንደ ሕፃን ደረት ሆኗል ይለኛል" ትላለች። ከዚያ በታች ስሟ ብቻ ነው። ካርዱን አልጣልኩትም። እየደጋገምኩ አነበዋለሁ። አሁንም እቀናባታለሁ...

ማንቆርቆሪያው አልሄደም። የተለጠፈ ማኅተም ያለበት ዕቃ አይሸጥም፤ ወራሾቹም ሊወስዱት አልመጡም። እዚያው ቁም ሣጥን ውስጥ ነው።

ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ላይ ወንበሬን ፊት ለፊቱ ሳብኩና ተቀመጥኩ። ልመረምረው። በሥርዓት፣ ከመጀመሪያው።

ጉሙ መጣ። ጠፋ። መጣ። ጠፋ።

እጄን ደረቴ ላይ አደረግኩ።

ስተነፍስ ይመጣል። ስስብ ይጠፋል። አንድም አያሳስትም።

ትንፋሼን ያዝኩ።

ጉሙም መምጣቱን አቆመ።

አንድ...

ሁለት...

ሦስት...

ከዚያ ጉሙ ተመለሰ። በብሩ ላይ አይደለም። በቁም ሣጥኑ መስታወት ላይ፣ ከውስጥ በኩል፣ ልክ በአፌ ትይዩ።

አፌ ገና አልተከፈተም ነበር።