አንድ ሰውዬ ነበር

«ለአያትሽ በትክክል ንገሪልኝ» አለች ዶክተሯ። «ከሳንባቸው በመርፌ ለምርመራ ቁራጭ ስንወስድ ሳንባቸው ሊጎዳ ይችላል። በጣም አልፎ አልፎ የሚሞት ሰው አለ። ይህን ሳይሰሙ መፈረም አይችሉም።»

የምታስተረጉመው የልጅ ልጃቸው ላቪና ነበረች። አያቷ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው እንግሊዝኛው እስኪያልቅ ይጠብቃሉ። በወጣትነታቸው ከመንደራችን በላይ ያለውን ኮረብታ እየቦረቦሩ ዩራኒየም የተባለ ማዕድን ሲያወጡ ኖረዋል፤ ዛሬ ከበጎቹ በረት እስከ ቤት ለመድረስ እንኳ መንገድ ላይ ያርፋሉ። መንግሥት ለታመሙት ቆፋሪዎች ካሳና የቤት ነርስ እሰጣለሁ ብሏል፤ ግን መጀመሪያ የሳንባቸው በሽታ በምርመራ መረጋገጥ አለበት።

እኛ የአሜሪካ ነባር ሕዝብ የሆንን ናቫሆዎች ደግሞ ሽማግሌን ፊት ለፊት «ትሞታለህ» አንልም። ክፉ ነገር ሲናገሩት ይመጣል። አምና አስተርጓሚው በቀጥታ ሲነግራቸው አያቷ ኮፍያቸውን አድርገው ውልቅ አሉ። ከዚያ ወዲህ ለማምጣት ዓመት ሙሉ ልመና ነበር።

እንደ እብድ እየነዳ ያመጣቸው የአክስቷ ልጅ ቴረል «ያቺን የሞት ነገር ዝለያት በቃ፣ ማን ያውቅብሻል?» ብሏት ነበር። መኪናው ውስጥ ሳሉ ቀላል መስሏት ነበር። አሁን ግን የአያቷን የተሰነጣጠቁ እጆች ስታይ ጨነቃት። ያኔ ሲቆፍሩም ማዕድኑ አደገኛ መሆኑን ማንም አልነገራቸውም። እሷም ልትደብቃቸው ነው?

ወንበሯን አስጠጋች።

«አባባ፣ አንድ ሰውዬ ነበር አሉ።»

ኮረብታ ሥር ይሠራ የነበረ፣ ትንፋሽ ያጠረው ሰውዬ። ሐኪሞች ከሳንባው በመርፌ ትንሽ ሊወስዱለት ይፈልጋሉ። ብዙዎች ደህና ይመለሳሉ፤ አንዳንዱ ሳንባው ይጎዳል፤ አልፎ አልፎም ከዚያ ክፍል በእግሩ የማይወጣ አለ። ምንም አላስቀረችም።

አያቷ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ኮፍያቸውን ሲያነሡ እንደ አምናው ውልቅ ሊሉ መሰላት።

«ሰውዬው ከብት አለው?» አሉ።

«በጎች አሉት። አንድ ግትር ፍየልም አለው።»

ፈገግ አሉ። «እንግዲያው ፍየሉን የምትጠብቅለት የልጅ ልጅ ካለችው ይግባ። ሲመለስ ግን ቴረል እንዳይነዳለት፤ መርፌው ቢምረው መንገዱ አይምረውም።»

ኮፍያውን ጭኗ ላይ አስቀመጡላት።

«ምን አሉ?» አለች ዶክተሯ።

«ሁሉንም ሰምተዋል። ይገባሉ።»

አያቷን ሲወስዷቸው ስልኳ ጮኸ። ቴረል «ዘለልሻት?» ብሎ ጽፎላታል። «አልዘለልኩም» ብላ መለሰችለት። ከዚያ ኮፍያውን በሁለት እጇ ይዛ፣ በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የምትታይበት ወንበር ላይ ተቀመጠች።