የዳምጠው እንደራሴ

የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ ዳምጠው ሻዩን ሳይጨርስ ሠራተኞቹን በሙሉ ሰላም ብሎ፣ ስለ ልጆቻቸው ጠይቆ፣ የሚመሰገኑትንም አመስግኖ ነበር። ከወንበሩ ግን አልተነሳም። በየመተላለፊያው የሚዞርለት እንደራሴው ነው፤ መልኩም ድምፁም የእሱ የሆነ፣ ከብርሃን የተሠራ ምስል። ንግግሩን የሚያዘጋጅለት ደግሞ «አቆያ» ነው። አቆያ የሠራተኛ ልብ ሲሸፍት ከአረማመዱ፣ ከእንቅልፉና ከድምፁ አውቆ፣ ሳይለቅ በፊት የሚያባብል መሣሪያ ነው። ከምድር በላይ እየዞረ በመስታወቶቹ የፀሐይ ብርሃን ወደ ታች በሚልክ ጣቢያ ውስጥ ሰው ማቆየት ቀላል አይደለምና፣ ዳምጠው ያለ አቆያ ውሎ አያውቅም።

በዚያ ጠዋት አቆያ የስመኝን ስም በቀይ አሳየው።

ስመኝ የመስታወቶቹ ዋና ባለሙያ ናት። መስታወት ሲዛነፍ ማስጠንቀቂያው ከመጮሁ በፊት ደርሳ የምታቃናው እሷ ናት። በሚቀጥለው መንኮራኩር ከሄደች ቦታዋን የሚሸፍን ሰው እንደሌለ ዳምጠው አሳምሮ ያውቃል። ደንግጦ አቆያ ያለውን ሁሉ አደረገ። ደመወዝ ጨመረላት፣ ምድርን የሚያሳይ መስኮት ያለው ክፍል ሰጣት፣ ማዕረጓንም ከፍ አደረገ። ሁሉንም ያበሰረላት እንደራሴው ነው። ቀዩ ግን ቀይ እንደሆነ ቀረ።

በማግስቱ በመስታወት ክፍል በኩል ያለው የምስል ማመንጫ ተበላሸ። መለዋወጫው የሚመጣው ስመኝን በሚወስደው በዚያው መንኮራኩር ነው። ዳምጠው ብዙ ካመነታ በኋላ ጫማውን አጠለቀና በእግሩ ወጣ።

መተላለፊያው ከሚያስታውሰው ይልቅ ረዘመበት። ከፊቱ ሣጥን የተሸከመ ሠራተኛ መጣ። ጉልላት ይባላል፤ ዳምጠው ስሙን ያወቀው ደረቱ ላይ አንብቦ ነው። ጉልላት ዓይኑን እንኳ ሳይሰብር ቀጥ ብሎ መጣና ተላተመበት። ሁለቱም ወለሉ ላይ ተዘረሩ። በዚህ ጣቢያ የሥራ አስኪያጁን ምስል በመሃሉ ሰንጥቆ ማለፍ ነውር መሆኑ ከቀረ ቆይቷል።

«ውይ ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት እንዴ?» አለ ጉልላት ክንዱን እየዳበሰ። «እኔ እኮ ያ... ያኛው መስለውኝ ነው።»

«ምንም አይደል» አለ ዳምጠው። ግንባሩን አመመው። ሰው ከነካው ስንት ጊዜ እንደሆነው ለማስታወስ ሞከረና ተወው።

ስመኝን ጠረጴዛዋ ላይ ምሳዋን ስትበላ አገኛት። ቀና ብላ አየችውና መብላቷን ቀጠለች። እንብላ አላለችውም። ሰው ከፊት ቆሞ እያየ እንብላ ሳይሉ መጉረስን እንኳን እሷን የመሰለች ጨዋ፣ ባለጌም አያደርገውም። ነገሩ ወዲያው ገባው። ምስሉ መስሏታል።

«ተጠገንክ እንዴ?» አለችው። «እንግዲያው ለላኩህ ሰው ንገርልኝ። መስኮቱንም ማዕረጉንም አልፈልግም። አባቴ የሞተ ጊዜ ለቅሶዬ ላይ ሦስት ቀን አጠገቤ ተቀመጥክ። ደግ ደግ ቃል ተናገርክ። እኔም ጋሼ ዳምጠው ራሳቸው የመጡ መስሎኝ ልቤ ተነካ። መጨረሻ ላይ ንፍሮ ዘግኜ ሰጠሁህ። በእጅህ አልፎ መሬት ላይ ፈሰሰ። ተንበርክኬ ብቻዬን ለቀምኩት። ሥራውን የለቀቅኩት ያን ቀን ነው፤ የዘገየው መንኮራኩሩ ነው።»

ዳምጠው አባቷ መሞታቸውን አያውቅም ነበር። አቆያ አንድ ጠዋት «ለቅሶ ተደርሷል» ብሎታል፤ የማን እንደሆነ ሳይጠይቅ ሻዩን ቀጥሏል። አፈረ። አሁንም እንደ ምስል ዝም ብሎ ቢወጣ ማንም አያውቅበትም። በሩን አየው።

ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ወንበሩ ወለሉን ሲፍቅ ጮኸ። የስመኝ ጉርሻ እጇ ላይ ቀረ።

«እግዜር ያጽናሽ» አለ። «አልመጣሁም ነበር። መሞታቸውንም አልሰማሁም።»

አተኩራ አየችው። ቆይታ ሳህኑን ወደ እሱ ገፋ አደረገች። «እንብላ» አለች በቀስታ።

አብረው በሉ። አባቷ ልብስ ሰፊ እንደነበሩ፣ ሲሰፉ ማፏጨት እንደሚወዱ ነገረችው። ዳምጠው እንድትቀር አልለመናትም፤ ምንም ቢል የአቆያን ቃል የሚደግም መሰለው። መንኮራኩሩ ሲመጣ እስከ በሩ ሸኛት። ስመኝ በጣቷ ጫፍ ትከሻውን ነካ አድርጋ አረጋገጠች፤ ከዚያ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ።

«ያን ጊዜ ቢመጡ ኖሮ እቀር ነበር» አለች። «ሥራውን ለጉልላት አሳይቼዋለሁ። እሱን እንኳ ይያዙት።»

መለዋወጫው ተገጠመ። በማግስቱ ዳምጠው ቢሮው ውስጥ ብቻውን ምሳውን ሲጀምር በሩ ላይ አንድ ሰው ቆመ። የገዛ እንደራሴው ነበር።

«ዳምጠው፣ ሰሞኑን እንቅልፍ አልወሰደህም» አለው በራሱ ድምፅ። «ድካምህን እናውቃለን። አንተን የመሰለ ሰው ማጣት አንፈልግም።»

አቆያ የዳምጠውም ልብ መሸፈቱን አውቆ ነው። የዳምጠው ዓይን እንባ አቀረረ። ስንት ዓመት ሙሉ እንዲህ ብሎ ያናገረው ሰው አልነበረም፤ አሁንም የለም። አፉ ለምዶበት «እንብላ» አለ። እንደራሴው ፈገግ እንዳለ ቆሞ ቀረ።

ዳምጠው ሳህኑን አንስቶ፣ ምስሉን በመሃሉ ሰንጥቆት ወጣ። መተላለፊያው ላይ ጉልላት ሣጥኑን ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ እየፈጠነ ይመጣል። ዳምጠው ጥግ አልያዘም። ሳህኑን በአንድ እጁ ከፍ አድርጎ መሃል መንገድ ላይ ቆመና እስኪላተሙ ጠበቀ።