ባዶው ጥግ

«አንቺ ልጅ፣ አሁንም እዚሁ ነሽ? ወደ ጥጉ ሂጂ እንጂ!» አሉ ኢንጋ ማርኮቭና በጥድፊያ እያለፉ።

«እሺ፣ የጫማዬን ማሰሪያ ልቋጥርና» አለች ታያ።

አሰልጣኟ መልሷን እንኳ አልሰሙም። ግላሻን ከፊት አስቀድመው፣ ወደ በረዶው ሜዳ የሚያስወጣውን ጥቁር መጋረጃ ገልጠው ወጡ። ግላሻ ከመጋረጃው ኋላ ከመሰወሯ በፊት ዞር ብላ ለታያ ምላሷን አወጣችላት። ስትፈራ እንዲህ ነው የምታደርገው።

ሁለቱም የአስራ አምስት ዓመት ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም የመጡት ከፐርም ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ በአንድ አሰልጣኝ ስር፣ በአንድ ሜዳ ላይ ወድቀው ተነስተዋል። ዘንድሮ ካዛን ላይ በተዘጋጀው አገር አቀፍ የበረዶ ሸርተቴ ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ ከትልልቆቹ ጋር ተሰለፉ። ታያ ትርኢቷን ቀድማ ጨርሳለች። አልወደቀችም፣ አልተንገዳገደችም፤ ያለ ስህተት የተሠራ የቤት ሥራ ይመስል ነበር። አሁን ሦስተኛ ናት። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት ሜዳሊያ ያጠልቃሉ፣ በአውሮፓ ሻምፒዮናም አገራቸውን ወክለው ይወዳደራሉ። ከተወዳዳሪዎቹ ያልወጣች አንዲት ልጅ ብቻ ቀርታለች፤ እሷም ግላሻ ናት።

ጥጉ የኢንጋ ማርኮቭና ሠልጣኞች የቆየ ልማድ ነው። አሰልጣኝ የሚቆመው በሜዳው በአንድ በኩል ነው፤ ልጅቷ ለመጨረሻው ዝላይ ስትዘጋጅ ግን ጀርባዋን ለአሰልጣኟ ሰጥታ ወደ ማዶው ጥግ ነው የምትበረው። ስለዚህ ትርኢቷን የጨረሰች ልጅ ማዶ ጥግ ሄዳ ከአጥሩ ኋላ ትቆምና ዝላይ ትቆጥርላታለች። አንድ ዓይነት ዝላይ በአንድ ትርኢት ከሁለት ጊዜ በላይ አይፈቀድም፤ ሦስተኛው ከነጭራሹ አይያዝም። ሙዚቃው ሰውነት ውስጥ ሲገባ ደግሞ ቁጥር ከጭንቅላት ይጠፋል፤ ይህ በትልልቆቹም ላይ ይደርሳል። ጥግ የቆመችው ልጅ መዳፏን ከዘረጋች «ቀጥዪ» ማለት ነው፤ ጡጫዋን ከጨበጠች «በቃ፣ አትጨምሪ»። ሥራው ይኸው ነው።

ታያ ማሰሪያዋን ቋጠረች። ከዚያ ፈታችውና እንደገና ቋጠረችው።

ግላሻን ጠልታት አልነበረም። እንዲያውም ከእህቷ አብልጣ ትወዳታለች። ግን «ግላሻ ዛሬ ከቀናት እኔ አራተኛ ነኝ» የሚል ሐሳብ መጥቶ ጉልበቷ ላይ ቁጭ አለባት። «አሁን እሄዳለሁ» አለች ለራሷ። መጋረጃው ጋ ስትደርስ የግላሻ ስም በድምፅ ማጉያ ተጠራ። እዚያ ግድግዳው ላይ ስክሪን ተሰቅሏል። ታያ ፊቱ ቆመች። ማዶው ጥግ ለመድረስ አንድ ደቂቃ ቢፈጅ ነው፤ ትርኢቱ ደግሞ አራት ደቂቃ ነው። ጊዜ ነበራት። በኋላ እንደ እሳት ያንገበገባት ይሄ ነው፤ ጊዜ ነበራት።

ሙዚቃው የአኮርዲዮን ዋልዝ ነው። ፐርም ልምምድ ላይ ሳሉ ልጆቹ ሁሉ «የሰርግ ቤት ዘፈን» እያሉ ያሾፉበት ነበር። ዛሬ ማንም አልሳቀም። ግላሻ ገና ሁለት ጊዜ እንደተንሸራተተች አዳራሹ ጸጥ አለ። ለመጀመሪያው ዝላይ ተነሳች፤ አረፈች፤ ከዚያ አያይዛ በምትዘለው ዝላይ አየር ላይ ሁለት ዙር ብቻ መሽከርከር ሲገባት ሦስት ዙር ተሽከረከረች። ያልታሰበ ነገር ነው። ሕዝቡ «ኡ!» አለ።

«አንድ» አለች ታያ በሹክሹክታ።

ሁለተኛው መጣ። እዚህ ላይ ሦስት ዙሩ የታሰበ ነበር፤ ግላሻም ላባ የምታነሳ ያህል አቅልላ ዘለለችው። «ሁለት።» ከእንግዲህ ያ ባለ ሦስት ዙር ዝላይ አይፈቀድላትም። መጨረሻ ላይ ግን ፕሮግራሙ ውስጥ እንደገና ተጽፏል፤ ግላሻ በስሜት አንዱን ቀድማ እንደጨረሰችው ካላስታወሰች ለሦስተኛ ጊዜ ትዘለዋለች። ታያ ይህን በደንብ ገብቷታል። እግሯ ግን አልተንቀሳቀሰም።

ቀኑን ሙሉ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ የዋለው የመጋረጃው ጥበቃ ቀና አለ። ግዙፍ ሰውዬ ነው፣ ጢማም። ተነስቶ ከታያ አጠገብ መጥቶ ቆመ።

«ይቺ የማን ልጅ ናት?» አላት።

«የኛ ናት» አለች ታያ።

ግላሻ መሐል ሜዳ ላይ ስትሽከረከር ፊቷ በስክሪኑ ላይ ጎልቶ ታየ። ፈገግ ብላለች፤ ለዳኞች ሲባል የሚደረገው ፈገግታ አይደለም። ቤቷ ኩሽና ውስጥ ብቻዋን የምትደንስ ትመስላለች። ታያ ስምንት ዓመት አብራት ስትኖር ይህን ፊት አይታ አታውቅም። ደስ አላት።

ከዚያ ግላሻ ዞረች፣ ፍጥነት ጨመረች፣ ወደ ማዶው ጥግ በረረች። ዓይኗን ቀና ስታደርግ በስክሪኑ ላይ በግልጽ ታየ። ጥጉ ላይ ካሜራውን የተሸከመ ሰው ብቻ ነበር።

የታያ እጅ ሳይታወቃት ጡጫ ጨበጠ። እዚያው መተላለፊያው ውስጥ፣ ስክሪኑ ፊት።

ግላሻ ዘለለች፤ አረፈች፤ በሦስት ዙሩ ቀጠለች። ያማረ ነበር። የማይቆጠር መሆኑን ከታያና ከዳኞቹ በቀር ያወቀ ያለ አይመስልም። አዳራሹ ከመቀመጫው ተነሳ፤ ከተመልካቹ የተወረወረ የአሻንጉሊት ድብና ጥንቸል በበረዶው ላይ ዘነበ፤ ለዚሁ የተመደቡ ልጆችም እየተንሸራተቱ መልቀም ጀመሩ። ጥበቃው በእጅጌው ዓይኑን ጠረገ። «ጉንፋን ይዞኝ ነው» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ውጤቱ ሲነገር ሕዝቡ አጉረመረመ፤ ጥቂቶችም አፏጩ። ግላሻ አራተኛ ወጣች። ከታያ ያነሰችው አንድ ነጥብ በማይሞላ ነው።

ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ግላሻ ፊቷን በፎጣ ሸፍና ተቀምጣ ነበር። ኢንጋ ማርኮቭና ይንጎራደዳሉ።

«ሦስት ጊዜ! የአስር ዓመት ልጅ እንኳ እስከ ሁለት ትቆጥራለች! ጥጉን ለምን አላየሽም?»

«አይቻለሁ እኮ!» ግላሻ ፎጣውን አነሳች። «እውነቴን ነው፣ አይቻለሁ፤ ካሜራ የያዘውን ሰውዬ ብቻ ነው ያየሁት። ታያ፣ አልነበርሽም እንዴ?»

ሁለቱም ወደ ታያ ዞሩ። እውነቱን ለመናገር አንድ ትንፋሽ ይበቃ ነበር።

«ነበርኩ» አለች ታያ። «ከሰውዬው ኋላ። ጡጫዬን ጨብጬ አሳይቼሻለሁ፤ አንቺ ነሽ ያላየሽው።»

ግላሻ አፏን ከፍታ አየቻት። ከዚያ ቀስ ብላ ፎጣውን መልሳ ፊቷ ላይ አደረገች። «በቃ ደነዝ ነኝ» አለች ከፎጣው ስር።

በማግስቱ ጠዋት ሆቴሉ ምግብ ቤት ውስጥ ታያ ለብቻዋ ተቀምጣ ነበር፤ የአጃ ገንፎዋ ቀዝቅዟል። ሜዳሊያውን ሻንጣዋ ውስጥ፣ ካልሲዎቿ ስር ቀብራዋለች። አንገቷ ላይ ባጠለቁላት ጊዜ እንኳ ደስታ እንዳልተሰማት ለማን ትናገራለች? ግላሻ ትሪዋን ይዛ መጣችና ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። ዓይኖቿ አብጠዋል።

«ስሚ» አለች ግላሻ። «ትናንት እንኳን ደስ አለሽ ሳልልሽ ቀረሁ። ራሴን እያሰብኩ። ይቅርታ።»

«ኧረ ተይ ባክሽ።»

«አይ፣ ደሞ ሌላም አለ። አልነበርሽም ወይ ብዬ ኢንጋ ፊት አሳጣሁሽ። አንቺ ራስሽ ገና ትርኢትሽን ጨርሰሽ፣ እግርሽ እየተንቀጠቀጠ ለኔ ብለሽ ሄደሽ ትቆሚያለሽ፣ እኔ ምስጋና ቢሷ ደግሞ...» ማንኪያዋን ገንፎው ውስጥ አዟዟረችው። «ምን እንደሚያስፈራኝ ልንገርሽ? ማንም እንዳልነበረ እርግጠኛ ነበርኩ። አሁንም ዓይኔን ስጨፍን ማንም የለም። ቀወስኩ እንዴ? ሰው ቆሞ ካላየሁ፣ ከእንግዲህ በምኔ ልመን?»

«ዳቦ ላምጣልሽ?» አለቻት ታያ፤ ተነስታም ሄደች። ዳቦው ፊት ቆማ ራሷን ተጸየፈችው።

ረፋዱ ላይ ኢንጋ ማርኮቭና ሁለቱንም የውድድሩ አዳራሽ ውስጥ ወዳለው የመጨረሻ ረድፍ ወንበር ጠሯቸው። ታች ሜዳው ላይ አሸናፊዎቹ ለማታው የመዝጊያ ትርኢት እየተለማመዱ ነው። ታያም መሐላቸው መሆን ነበረባት። አሰልጣኟ አልጮሁም፤ ቢጮሁ ይሻል ነበር።

«ግላፊራ» አሉ ሙሉ ስሟን ጠርተው፣ «ሌሊቱን አስቤበታለሁ። እግርሽ ላይ ችግር የለም። ጭንቅላትሽ ግን ገና አልደረሰም። ልጅ ፊትሽ ቆማ ጡጫ እያሳየችሽ ካላየሽ፣ በዚህ ፕሮግራም ላምንሽ አልችልም። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ከታናናሾቹ ጋር ትሠሪያለሽ። ዋልዙንም እንለውጠዋለን፤ ቀለል ያለ፣ የተጻፈውን ብቻ የምትሠሪበት ነገር።»

ግላሻ አልተከራከረችም። የዛሬ ዓመት ብትሆን ኖሮ ወንበር ትገለብጥ ነበር። አሁን አንገቷን ብቻ ነቀነቀች። «ልክ ነዎት» አለች። «እኔም ራሴን አላምነውም።»

ታያ ያንን ፈገግታ አስታወሰች፤ ኩሽና ውስጥ ብቻዋን የምትደንሰውን ልጅ። ግላሻ ከታናናሾቹ ጋር ከሠራች ያቺ ልጅ እንደማትመለስ ታወቃት።

«አልነበርኩም» አለች።

«ምን አልሽ?» አሉ ኢንጋ ማርኮቭና።

«ጥጉ ላይ አልነበርኩም። ግላሻ በትክክል ነው ያየችው፤ ማንም አልነበረም። ማሰሪያዬን እየቋጠርኩ ዘገየሁ፣ ከዚያ... ዘግይቼ አይደለም። መሄድ እችል ነበር። አልሄድኩም።»

አሰልጣኟ ወደ ታያ ዞሩ። ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው፤ ሠላሳውን በረዶ ዳር ቆመው ያሳለፉ።

«ውጤቱ አይለወጥም» አሉ በመጨረሻ።

«አውቃለሁ።»

«የአውሮፓውን ጉዳይ ግን እኔ አስብበታለሁ። ያንቺንም፣ የሷንም።» ተነሱ። ግላሻ አጠገብ ሲደርሱ እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አሳረፉ፤ ከዚያ ደረጃውን ወረዱ።

ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ታች ሙዚቃ ይጀምራል፣ ይቋረጣል፣ እንደገና ይጀምራል።

«የት ነበርሽ ታዲያ?» አለች ግላሻ ወደ ሜዳው እያየች።

«መጋረጃው ጋ። በስክሪን አየሁሽ።»

«ሙሉውን?»

«ሙሉውን።»

ግላሻ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እንዴት ነበር?» ብላ ጠየቀች።

ታያ ያኔ ነው የገባት። ከትናንት ጀምሮ ሰው ሁሉ ለግላሻ ያወራላት ስለዚያች አንዲት ዝላይ ብቻ ነው። ስለቀረው አራት ደቂቃ አንድ ቃል የነገራት የለም። ቢያንስ ይህን ሳትቀንስ ልትነግራት ወሰነች።

«እንደዚያ ያለ አይቼ አላውቅም» አለች። «የመጋረጃው ጥበቃ አለቀሰ፤ ጉንፋን ነው አለ እንጂ። የማን ልጅ ናት ብሎ ጠየቀኝ፣ የኛ ናት አልኩት። እኔ ዕድሜ ልኬን ብሠራ እንደዚያ አልሆንም። ትናንት ስታርፊ ገብቶኛል። ደግሞ ወደ ጥጉ ስትመጪ እጄ በራሱ ጡጫ ጨበጠ። እዚያው እንደቆምኩ።»

«ለማን?» አለች ግላሻ።

ታያ እጇን ከጭኗ ስር ደበቀችው።

ግላሻ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንጠለጠለችና በወንበሮቹ መሐል አልፋ ደረጃውን መውረድ ጀመረች። አልቸኮለችም። ታያ ልትከተላት ብድግ አለች። ደርሳ እጇን ብትይዛት፣ ብታለቅስባት፣ ግላሻ «ምንም አይደል» እንደምትላት ታውቃለች። ሰው ሲያለቅስ ማየት አይሆንላትም፤ ለማባበል ስትል ብቻ ትለዋለች። ታያ ያንን ቃል ዛሬ ከግላሻ አፍ ልታስወጣው አልፈለገችም።

ተመልሳ ተቀመጠች፤ ግላሻም ከታች በር ወጥታ ሄደች።